ሮያል ኦብዘርቫቶሪ፣ ግሪኒች፦ ለመስመሩ ሄደው ቴሌስኮፑን ሳያዩ እንዳይመለሱ

በደቡብ ምሥራቅ ለንደን፣ ግሪኒች ፓርክ ውስጥ፣ ኮረብታ ላይ የተሠራው ሮያል ኦብዘርቫቶሪ በአብዛኛው የሚጎበኘው ለአንድ ፎቶ ሲባል ነው፤ አንዱ እግር በምሥራቅ፣ ሌላው በምዕራብ ንፍቀ ክበብ ሆኖ የሚነሱት ፎቶ። ሰው ግቢው ውስጥ የተነጠፈውን፣ የዓለም ዜሮ ኬንትሮስ (ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ያለው ቦታ በዲግሪ የሚቆጠርበት መነሻ) ምልክት የሆነውን የብረት መስመር ለመርገጥ ይሰለፋል፣ ይነሳል፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ይሄዳል። መስመሩ የሚያመራበት ሕንፃ ውስጥ ግን መስመሩን ያስገኘው መሣሪያ እስከ ዛሬ በቦታው ቆሟል፤ ብዙው ጎብኚ ዞር ብሎ ሳያየው ያልፋል። የመግቢያው ዋጋ የሚያዋጣው በዚህ መሣሪያና ጆን ሃሪሰን ለመርከብ ጉዞ በሠራቸው ሰዓቶች ነው። መስመሩን ብቻ ለፈለገ ሰው ቲኬት መግዛት አያስፈልገውም።

ከዚህ በታች ያሉት ሰዓቶች በሙሉ በለንደን የ24 ሰዓት አቆጣጠር፣ ዓመቶቹም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ጉብኝቱን በ12፡30 ገደማ ኮረብታው ላይ በመድረስ መጀመር ጥሩ ነው። ካቲ ሳርክ በተባለው የባቡር ጣቢያ ወርዶ ፓርኩን አቋርጦ መውጣት ይቻላል፤ የመጨረሻው ክፍል ደህና አቀበት ስለሆነ በዚያ በኩል መውጣት የሚከብደው ሰው ከላይ በብላክሂዝ በኩል ቢገባ ይሻለዋል።

ከበሩ ውጭ ያለው ሁሉ በነጻ የሚታይ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ትልቅ ሰዓት የሠራው ቻርልስ ሼፐርድ ሲሆን የተተከለው በ1852 ነው። ፊቱ የተከፈለው ለ12 ሳይሆን ለ24 ሰዓት ነው፤ ከላይ 0፣ በቀኝ 6፣ ከታች 12፣ በግራ 18፣ ሁሉም በሮማውያን ቁጥር። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ የሰዓት ቆጣሪው ቀጥ ብሎ ወደ ታች ያመለክታል፤ እንደ ተለመደው ሰዓት ያነበበው ሰው 6 ሰዓት ይመስለዋል። የደቂቃ ቆጣሪው ግን እንደማንኛውም ሰዓት ነው። ሁለተኛው የሚያሳስተው ነገር ሰዓቱ ዓመቱን ሙሉ የግሪኒች አማካይ ሰዓት ብቻ ማሳየቱ ነው። እንግሊዝ ከማርች የመጨረሻ እሁድ እስከ ኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደፊት ስለምታስኬድ፣ በእነዚህ ወራት የመጣ ጎብኚ ሰዓቱ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ያገኘዋል። አልተበላሸም፤ ያልተቀየረው እሱ ነው።

ይህ ሰዓት ሲተከል በራሱ ኃይል የሚሄድ አልነበረም። ውስጥ ያለ አንድ ዋና ሰዓት በኤሌክትሪክ ሽቦ ምት እየላከ ያንቀሳቅሰው ነበር። ከዚያው ከዋናው ሰዓት የሚነሳ ምልክት በቴሌግራፍ ወደ ለንደን ብሪጅ ጣቢያ ይሄድና ከዚያ ለባቡር መስመሮች ይሠራጭ ነበር። አንድ ትክክለኛ ሰዓት በብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ እንዲታይ የማድረጉ ሥራ በሥርዓት ከተሠራባቸው የመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ይህ ግድግዳ ነው። ከሰዓቱ ሥር ደግሞ ያርድ፣ ሁለት ጫማ፣ አንድ ጫማ፣ ስድስት ኢንችና ሦስት ኢንች በብረት ጉጦች ተለክተው ተተክለዋል፤ ማንም ሰው የራሱን መለኪያ አምጥቶ እንዲያስተያይ ታስቦ የተሠራ ነው።

12፡55 ሲል ዓይንን ወደ ኦብዘርቫቶሪው አሮጌ ሕንፃ፣ ወደ ፍላምስቲድ ሀውስ ጣሪያ ማንሳት ይገባል። እዚያ ያለው ቀይ ኳስ ከ1833 ጀምሮ ሰዓት ሲናገር የኖረ ነው። 12፡55 ላይ እስከ ምሰሶው ግማሽ ይወጣል፣ 12፡58 ላይ ጫፍ ይደርሳል፣ ልክ 13፡00 ላይ ይወርዳል። ምልክቱ ኳሱ ከጫፍ የሚለቅበት ቅጽበት ነው። ታች እስኪደርስ ጠብቆ ሰዓቱን የሚያስተካክል ሰው የኳሱን የመውረጃ ጊዜ ያህል ይስታል። ሁለቱ ማስጠንቀቂያዎች የተደረጉት በቴምዝ ወንዝ ላይ መልህቅ የጣሉ መርከቦች መነጽራቸውንና ክሮኖሜትራቸውን (ትክክለኛ የመርከብ ሰዓታቸውን) አዘጋጅተው እንዲጠብቁ ነው። በ12፡00 ያልሆነበትም ምክንያት አለው፤ ልክ በእኩለ ቀን የሥነ ፈለክ ባለሙያዎቹ የፀሐይን በሜሪድያኑ (ከሰሜን ወደ ደቡብ በአናት በኩል በሚያልፈው የሰማይ መስመር) ማለፍ ለመለካት ሥራ ላይ ነበሩ። ነፋስ ሲበረታ ኳሱ አይወጣም፤ በእንዲህ ያለ ቀን 13፡00ን እየጠበቁ መቆም ትርፉ ብርድ ነው።

መርከበኛው ለምን ይህን ያህል ይጨነቅ ነበር? ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ፣ በ4 ደቂቃ 1 ዲግሪ ትዞራለች። በመርከቡ ያለው ሰዓት የግሪኒችን ጊዜ ከያዘ፣ በዚያው ቅጽበት ከፀሐይ ወይም ከኮከብ ከሚገኘው የአካባቢው ጊዜ ጋር ያለው ልዩነት ኬንትሮሱን ይሰጣል። ሰዓቱ 4 ሰከንድ ብቻ ቢስት፣ መርከቡ በምድር ወገብ ላይ ያለበትን ቦታ በ1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ይስታል። ሰዓቱ በየቀኑ 4 ሰከንድ የሚስት ከሆነና ማንም ካላረመው፣ በ30 ቀን ጉዞ ከ55 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በጨለማ ወደ ዓለታማ ዳርቻ ለሚጠጋ መርከብ ይህ የሞትና የሕይወት ልዩነት ነው።

መስመሩን በነጻ ማየት የፈለገ፣ ከግቢው ግድግዳ ውጭ ባለው የእግር መንገድ ላይ የመስመሩ ምልክት ግድግዳው ላይ አለ። ፎቶ መነሳት ይቻላል፤ ኬንትሮሱ ከግቢው ካለው ጋር አንድ ነው። የግቢው መስመር የሚበልጠው ረጅም በመሆኑና የዓለም ከተሞች ስም ከነኬንትሮሳቸው በሁለቱ ወገን ስለተጻፈበት ነው። ግቢው ጠባብ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ሰልፉ ይረዝማል። በሩ እንደተከፈተ የገባ ሰው ብዙ አይጠብቅም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ሜሪድያን ቢልዲንግ ውስጥ፣ በመስመሩ ልክ ላይ፣ የንጉሣዊው ሥነ ፈለክ ባለሙያ የነበረው ጆርጅ ኤሪ ያሠራው ትራንዚት ሰርክል ቆሟል። ርዝመቱ ወደ 3.5 ሜትር፣ የፊት ሌንሱ ስፋት 8.1 ኢንች (ወደ 20 ሴንቲ ሜትር) የሆነ ቴሌስኮፕ ነው፤ በሁለት ወፍራም የድንጋይ ዓምዶች መካከል በአግድም ዘንግ ተንጠልጥሏል። ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ነው የሚዞረው። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ንቅንቅ አይልም፤ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። ከሰሜን አድማስ በአናት በኩል እስከ ደቡብ አድማስ ያለውን አንድ የሰማይ ክር ብቻ ያያል። ያ ክር ነው ሜሪድያን የሚባለው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ተመልካቹ የሚጠብቀውን ኮከብ ከፍታ ከጎኑ ባለው ክፍልፋይ በተቀረጸበት ክብ ላይ ያስተካክላል፤ ክቡ የሚነበበው በስድስት ማይክሮስኮፖች ነው፤ የስድስቱ አማካይ ሲወሰድ የቀረጻው ጉድለት ይቀንሳል። ከዚያ ከቴሌስኮፑ ሥር ጋደም ብሎ ይጠብቃል። ምድር ስትዞር ኮከቡ በመነጽሩ ውስጥ ይገባና በተርታ የተወጠሩትን ቀጫጭን ክሮች አንድ በአንድ ያቋርጣል። በየክሩ ያለፈበት ጊዜ ይመዘገባል፤ የሁሉም አማካይ ኮከቡ በሜሪድያኑ ያለፈበት ጊዜ ነው። የኮከቡ የሰማይ አድራሻ አስቀድሞ ስለሚታወቅ ማለፍ የነበረበት ጊዜም ይታወቃል፤ በተመዘገበውና በሚጠበቀው መካከል ያለው ልዩነት የሰዓቱ ስህተት ነው። ዓለም ሰዓቱን የሚያስተካክልበት ሰዓት ራሱ የሚስተካከለው በዚህ መንገድ ነበር።

ሥራው የሚበላሸው በሦስት ነገር ነው፦ ዘንጉ በትክክል አግድም ካልሆነ፣ ዘንጉ በትክክል ምሥራቅ ምዕራብ ካልተዘረጋ፣ ወይም የመነጽሩ የእይታ መስመር ለዘንጉ ቀጤ ነክ ካልሆነ። ለአግድሙ መፍትሔው ሜርኩሪ ነው። ቴሌስኮፑ በቀጥታ ወደ ታች ይዞርና በገበቴ ወዳለ ሜርኩሪ ይመለከታል። ሜርኩሪው ረግቶ እንደ መስታወት ስለሚያንጸባርቅ፣ የክሮቹ ምስልና ራሳቸው ክሮቹ አንድ ላይ ከተጋጠሙ መሣሪያው ቀጥ ያለ ነው ማለት ነው። ይህችን የሜርኩሪ ገበቴ ልብ ይሏል፤ ዛሬ ስልክ ይዞ የሚመጣውን ሰው ግራ የሚያጋባው ነገር ምንጩ እሷ ናት።

አራተኛው ስህተት ሰውየው ራሱ ነው። ከኤሪ በፊት በ1796፣ የጊዜው የንጉሡ ሥነ ፈለክ ባለሙያ ኔቪል ማስከሊን ረዳቱን ዴቪድ ኪነብሩክን ከሥራ አሰናበተው፤ የረዳቱ ምዝገባ ከእሱ በ0.8 ሰከንድ ይለይ ነበር። በኋላ እንደታወቀው ልዩነቱ የስንፍና አልነበረም። ዓይን ያየውንና ጆሮ የሰማውን የሰዓት ምት አእምሮ የሚያገናኝበት ፍጥነት ከሰው ሰው ይለያያል። ኤሪ ተመልካቹ በጆሮ የሰማውን ምት እየቆጠረ በእጁ ከሚጽፍ ይልቅ ቁልፍ እየተጫነ በኤሌክትሪክ እንዲመዘገብ ያደረገው ይህን ለመቀነስ ነው።

በዚህ መሣሪያ የመጀመሪያው ምልከታ የተደረገው ጃንዋሪ 4 ቀን 1851 ነው፤ እስከ 1954 ድረስ 600,000 ገደማ ምልከታዎች ተካሂደውበታል። በ1884 በዋሽንግተን የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የሜሪድያን ጉባኤ ዜሮ ኬንትሮስን ሲወስን ስለ መሬት ላይ መስመር አልተናገረም። የጸደቀው ውሳኔ የሚለው በግሪኒች ኦብዘርቫቶሪ ባለው ትራንዚት መሣሪያ መካከል የሚያልፈው ሜሪድያን ነው። የዓለም ዜሮ የዚህ ቴሌስኮፕ መካከለኛ ቦታ ነው ማለት ነው። ግቢው ውስጥ የሚረገጠው ብረት የእሱ ማስታወሻ ነው። በዚህ ምክንያት ጊዜው ያጠረበት ሰው ሰልፉን ትቶ እዚህ ክፍል ውስጥ ሩብ ሰዓት ቢቆም ይበልጥ ያተርፋል።

በዚያው ሕንፃ ከኤሪ ሜሪድያን በስተ ምዕራብ 6 ሜትር ገደማ ላይ ከኤሪ በፊት የንጉሡ ሥነ ፈለክ ባለሙያ የነበረው የጄምስ ብራድሊ ሜሪድያን ምልክት አለ። ኤሪ አዲሱን መሣሪያ በአጠገብ ያለው ክፍል ውስጥ ሲተክል አሮጌው ሥራ እንዳይቋረጥ አስቦ ነበር፤ በዚህም የአገሪቱ ዜሮ ወደ ምሥራቅ ፈቀቅ አለ። በጊዜ ሲሰላ የሰከንድ ሁለት መቶኛ ያህል ብቻ ስለነበር ማንንም አላስቸገረም። የእንግሊዝ የካርታ ሥራ ድርጅት ኦርድናንስ ሰርቬይ ግን ካርታዎቹን በብራድሊ መስመር ጀምሮ ስለነበር እስከ ዛሬ በዚያው ቀጥሏል።

ስልክ ይዞ መስመሩ ላይ የቆመ ሰው ዜሮ አያይም። ይህን ራስዎ ለመሞከር፣ ሰማያዊ ነጥብ ብቻ የሚያሳይ ካርታ ሳይሆን ኬንትሮስን በቁጥር የሚያሳይ መተግበሪያ ይክፈቱ፤ በዲግሪ፣ በደቂቃና በሰከንድ እንዲያሳይ ያድርጉት፤ ከግድግዳው ራቅ ብለው አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ፤ ከግድግዳ ተንጸባርቆ የሚመጣ የሳተላይት ምልክት ቁጥሩን ያዛባል። ወደ 0 ዲግሪ 0 ደቂቃ 5.3 ሰከንድ ምዕራብ ያነባሉ። በአስርዮሽ ለሚያሳይ ደግሞ ከዜሮ በታች 0.0015 ገደማ ነው። በዚህ ቦታ አንድ የኬንትሮስ ሰከንድ 19 ሜትር ተኩል ስለማይሞላ፣ ልዩነቱ 102 ሜትር ይሆናል። የጂፒኤሱ ዜሮ ያለው ከግቢው ወጥተው ወደ ምሥራቅ በፓርኩ ውስጥ 102 ሜትር ሲሄዱ ነው።

ለዚህ የሚሰጡ ሁለት የተለመዱ ማብራሪያዎች የተሳሳቱ ናቸው። አንደኛው ኤሪ ተሳስቶ ነው የሚለው ነው፤ አልተሳሳተም። ሁለተኛው አህጉሩ ተንቀሳቅሶ ነው የሚለው ነው፤ የአውሮፓ ምድር የሚንቀሳቀሰው በዓመት 2.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለ102 ሜትር አራት ሺህ ዓመት ያህል ይፈጃል። ትክክለኛው ምክንያት ያቺ የሜርኩሪ ገበቴ ናት። ሜርኩሪ የሚረጋው ለቦታው የስበት አቅጣጫ ቀጤ ነክ ሆኖ ነው። ምድር ውስጥ ያለው ክብደት በሁሉም ቦታ እኩል ስላልተከፋፈለ፣ ግሪኒች ላይ ቱንቢ ቢንጠለጠል አቅጣጫው ወደ ምድር ማዕከል ከሚወስደው በጥቂቱ ያዘነብላል። ሳተላይቶች ግን የሚዞሩት የምድርን ማዕከል ነው፤ ዜሮአቸውም የሚያልፈው በማዕከሉ ነው። አዲሱ ሥርዓት ሲዘረጋ ከሥነ ፈለክ የሚገኘው ጊዜ ሳይዘል እንዲቀጥል ተደረገ፤ ሁለቱ ሜሪድያኖች በሰማይ ላይ ወደ አንድ አቅጣጫ እያዩ መሬት ላይ የሚወርዱበት ቦታ ግን ተለያየ። በ2015 የታተመ የጂኦዴሲ (የምድርን ቅርጽ የመለካት ሳይንስ) ጥናት 102 ሜትሩ ከዚህ የቱንቢ ማዘንበል የመጣ መሆኑን በስሌት አሳይቷል። በዚህ ሁሉ ጉብኝት ውስጥ እንደዚህ 102 ሜትር የሚያስተምር ነገር የለም፤ በቦታው ላይ ጉልህ ምልክት ቢቆምለት ተገቢ ነበር።

ስለ 1884ቱ ጉባኤ ብዙ ሰው ይዞት የሚመጣው አንድ የተሳሳተ እምነት አለ፦ የሰዓት ቀጠናዎችን የፈጠረው ጉባኤው ነው የሚል። ጉባኤው ያደረገው ዜሮ ኬንትሮስን መወሰንና በዚያ ላይ የተመሠረተ ዓለም አቀፍ ቀን ማጽደቅ ነው። ከ25 አገሮች የመጡ 41 ተወካዮች ነበሩ፤ ግሪኒች በ22 ድምፅ አለፈ፣ ሳን ዶሚንጎ (የዛሬዋ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ) ተቃወመች፣ ፈረንሳይና ብራዚል ድምፅ አልሰጡም። ግሪኒች የተመረጠው በክብር አይደለም። ከዓለም የመርከብ ጭነት 72 ከመቶው አስቀድሞ በግሪኒች ካርታ ይጠቀም ነበር፤ የአሜሪካና የካናዳ የባቡር ኩባንያዎችም ከኖቬምበር 18 ቀን 1883 ጀምሮ ሰዓታቸውን ከግሪኒች በሙሉ ሰዓታት እየቀነሱ ማስላት ጀምረው ነበር። ሌላ ቦታ ቢመረጥ ካርታውን የሚቀይረው ሰው ቁጥር ይበልጥ ነበር። ፈረንሳይ እስከ 1911 በፓሪስ ሰዓት ቆየች፤ ስትለውጥም ሕጉ የግሪኒችን ስም አልጠራም፣ የፓሪስ አማካይ ሰዓት በ9 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ የዘገየ ነው ያለው። ቀጠናዎቹን እያንዳንዱ አገር በራሱ ሕግ በራሱ ጊዜ ነው ያወጣው። እንግሊዝ ራሷ የግሪኒችን ሰዓት ሕጋዊ ያደረገችው በ1880 ነው፤ አሜሪካ ደግሞ ቀጠናዎቿን በፌዴራል ሕግ ያጸናችው በ1918። የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች እንኳ ቀናቸውን ከእኩለ ቀን መቁጠር ትተው ከእኩለ ሌሊት የጀመሩት በ1925 ነው።

ፍላምስቲድ ሀውስ ውስጥ ያሉት የሃሪሰን ሰዓቶች ሁለተኛው የመሄጃ ምክንያት ናቸው። የእንግሊዝ ፓርላማ በ1714 ኬንትሮስን በግማሽ ዲግሪ ልክ ለሚያገኝ 20,000 ፓውንድ ሽልማት አወጀ። አናጺ የነበረው ሃሪሰን ከ1735 እስከ 1759 አራት ሰዓቶችን ሠራ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ትልልቅ የናስ ማሽኖች ናቸው። የመጀመሪያው 34 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ በጥምዝ ሽቦ (ስፕሪንግ) የተገናኙት ሁለት ሚዛኖቹ በተቃራኒ አቅጣጫ ሲወዛወዙ ጠጋ ብለው ይዩ፤ መርከቡ ሲናወጥ አንዱ ያተረፈውን ሌላው እንዲያጠፋው ታስቦ ነው። ሦስተኛው ላይ ሃሪሰን 19 ዓመት ለፍቶበታል፤ በሙቀት ልዩነት የሚታጠፍ የሁለት ብረቶች ጥፍጥፍና በማቀፊያ የተያዙ ሮለሮች ያሉት ቤሪንግ (ማሽከርከሪያ) ያመጣው በዚሁ ነው፤ ሁለቱም ዛሬ በየማሽኑ ውስጥ አሉ። አራተኛው 13 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የኪስ ሰዓት የሚመስል ነው፤ ወደ ጃማይካ በተደረገው ጉዞ በ81 ቀን 5.1 ሰከንድ ብቻ ዘገየ። ይህ የመጨረሻው ቆሞ ነው የሚታየው፤ ዘይት ስለሚፈልግና ሲሄድ አካላቱ ስለሚያልቁ አያስኬዱትም። ሦስቱ ትልልቆቹ ግን ይሄዳሉ። የቆመውን አይቶ የተበላሸ የሚመስለው ሰው ስለሚኖር ይህን ማወቁ ይጠቅማል።

እዚያው ፍላምስቲድ ሀውስ ውስጥ ያለው ባለ ስምንት ማዕዘን ክፍል፣ ኦክታጎን ሩም፣ ያማረ ነው፤ ክሪስቶፈር ሬን ነድፎት በ1675 ግንባታው የተጀመረ። ነገር ግን ለገንዘብ ቁጠባ በአሮጌ ግንብ መሠረት ላይ ስለተሠራ ግድግዳዎቹ ከትክክለኛው ሰሜን 13 ዲግሪ ዞረዋል። ለሜሪድያን ሥራ ስላልሆነ፣ የመጀመሪያው የንጉሡ ሥነ ፈለክ ባለሙያ ጆን ፍላምስቲድ ዋና ሥራውን የሠራው ጓሮ ባለች ትንሽ ቤት ውስጥ ነው።

ዛሬ የዓለም ጊዜ እዚህ አይሠራም። ሴኮንድ ከ1967 ጀምሮ የሚለካው በሴዝየም አቶም 9,192,631,770 ንዝረት ነው፤ ዓለም አቀፉን ሰዓት ከየአገሩ የአቶሚክ ሰዓቶች አሰባስቦ የሚያሰላው ፓሪስ አጠገብ ሴቭር ያለው የመለኪያዎች ቢሮ ነው። የምድር መዞር እኩል ስላልሆነ ከ1972 ወዲህ 27 ጊዜ አንድ ሰከንድ ተጨምሯል፤ የመጨረሻው በ2016 መጨረሻ ነበር። ስለዚህ የእጅ ሰዓቱን በትክክል መሙላት የፈለገ ስልኩን ይይ፤ የበሩን ሰዓት አይደለም።

ከመሄድ በፊት የትኞቹ ክፍሎች እንደተከፈቱ በሙዚየሙ ድረ ገጽ ማረጋገጥና ቲኬቱን እዚያው መግዛት ይሻላል። የድሮዎቹ ሕንፃዎች ደረጃ ጠባብና ቀጥ ያለ ነው። ሲመሽ ከሕንፃው ወደ ሰሜን የሚወረወረው አረንጓዴ ሌዘር ሜሪድያኑን በሰማይ ላይ ያሳያል፤ ለማየት ክፍያ የለውም። ፕላኔታሪየሙ የተለየ ቲኬት አለው፤ ጊዜ ካጠረ የሚቀረው እሱ ይሁን። ከኮረብታው ሥር ያለው ናሽናል ማሪታይም ሙዚየም መግቢያው ነጻ ነው።